«ገና ሁለት ሴንቲ ነው» ከተባለ በኋላ፦ ምጥ ከመጀመሪያው ቁርጠት እስከ እንግዴ ልጁ

ጥያቄ፦ «የመጀመሪያ ልጄን ልወልድ ሁለት ሳምንት ያህል ይቀረኛል። ታላቅ እህቴ ባለፈው ዓመት የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ ሌሊት ምጥ ይዟት ጤና ጣቢያ ብንወስዳት "ገና ሁለት ሴንቲ ነው" ተብላ ተመለሰች። የወለደችው በማግስቱ ማታ ነው። በሰላም ተገላገለች ብለን እልል ካልን በኋላ ደግሞ ደም ፈሰሳትና ሆስፒታል ተልካ ደም ተሰጣት። ያን ያህል ሰዓት ማማጥ ጤነኛ ነው? ምጥስ ስንት ደረጃ አለው? እኔ የቱን ልፍራ፣ መቼስ ልሂድ?»

ምላሽ፦

በመጀመሪያ በሽልም ያውጣዎ። የእህትዎን ታሪክ ሳነብ ሁለት ክፍል ያለው ሆኖ አገኘሁት። ቤተሰቡ የተጨነቀው በመጀመሪያው ክፍል፣ በረጅሙ ሌሊትና ቀን ነው፤ ሕይወቷን አደጋ ላይ የጣለው ግን ሁለተኛው፣ ሁሉም እልል ካለ በኋላ የመጣው ነው። በአዋላጅነት በሠራሁባቸው ዓመታት ፍርሃቱ በአንድ በኩል፣ አደጋው በሌላ በኩል ሲሆን ደጋግሜ አይቻለሁ። ስለዚህ ደረጃዎቹ ስንት ሰዓት እንደሚፈጁ ብቻ ሳይሆን የትኛው ላይ መታገሥ፣ የትኛው ላይ ደግሞ ዓይንን አለመንቀል እንደሚገባ ጭምር ልጽፍልዎ እሞክራለሁ።

ምጥ በሕክምናው አከፋፈል ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ምጥ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ የማህፀን በር ተከፍቶ እስኪያልቅ ያለው ነው፤ ሁለተኛው በሩ ሙሉ ለሙሉ ከተከፈተ በኋላ ልጁ እስኪወለድ ያለው ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ከልጁ መወለድ እስከ እንግዴ ልጁ መውጣት ያለው ነው። ብዙዎቻችን ከዚያ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ሰዓታት አራተኛ ደረጃ ብለን እንቆጥራቸዋለን፤ ለምን እንደሆነ ዝቅ ብዬ አስረዳለሁ።

በእርግዝና ወራት የማህፀን በር ረዘም፣ ወፈር ያለና የተዘጋ ነው። አንገቱ ጠባብ የሆነ ሹራብ ሲለብሱ የሚሆነውን ያስቡ፤ ራስዎ ብቅ ከማለቱ በፊት የሹራቡ አንገት መጀመሪያ ይሳባል፣ ያጥራል፣ ይሳሳል፤ ክብ ሆኖ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። በመጀመሪያ ልጅ ላይ ይህ የመሳሳት ሥራ በአብዛኛው ከመከፈቱ ስለሚቀድም ብዙ ሰዓት ይወስዳል። ቁርጠቱ ያማል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ደም የቀላቀለ ዝልግልግ ፈሳሽም ሊታይ ይችላል፤ በጣት ሲለካ ግን «ሁለት ሴንቲ» ነው። ይህ ማለት ሌሊቱን ሙሉ የታመመችው በከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ በዚያ ሌሊት የተሠራው ሥራ በሴንቲ ሜትር የማይቆጠር ሆኖ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ይህን አዝጋሚ ክፍል ከምጥ መጀመር እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ያደረሰው ሲሆን፣ ከሴት ሴት በእጅጉ ስለሚለያይ ቁርጥ ያለ የሰዓት ገደብ አላበጀለትም። ምጡ የሚፋፋምበት ክፍል ከ5 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ 10 እስኪሞላ ያለው ነው፤ ይህም ለመጀመሪያ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሰዓት፣ ወልዳ ለምታውቅ ደግሞ ከ10 ሰዓት አያልፍም። ስለ እህትዎ ለጠየቁት መልሱ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ እናንተ የቆጠራችሁት ከመጀመሪያው ቁርጠት ነው፣ አዋላጇ የምትቆጥረው ግን ከ5 ሴንቲ ሜትር ነው። ሌሊት ቁርጠት ጀምሯት በማግስቱ ማታ የምትወልድ የመጀመሪያ ወላጅ ደክማ ይሆናል እንጂ፣ እናትና ልጅ በየጊዜው ታይተው ደህና እስከሆኑ ድረስ ምጧ ከጤነኛው መንገድ ወጥቷል አይባልም።

መመለሷ ስሕተት ነበር ወይ ለሚለው ግን በአንድ ቃል መመለስ አልችልም። የደም ግፊቷ ተለክቶ፣ የልጁ የልብ ምት ተደምጦ፣ አቀማመጡ ታይቶ፣ የእንሽርት ውሃው አለመፍሰሱ ተረጋግጦ፣ ቤቷም ቅርብ ከሆነ ገና በአዝጋሚው ክፍል ላይ ያለችን እናት ቤቷ እንድትቆይ ማድረግ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያውም በለመደችው ቤት እየተንቀሳቀሰች፣ አጥሚቷን እየጠጣች፣ ትንሽ እያሸለበች ብትቆይ ይሻላታል። የማልስማማው ያለ ማብራሪያ «ገና ነሽ» ብሎ በር ላይ መሸኘትን ነው። የምትመለስ እናት ምን ሲሆን ተመልሳ እንደምትመጣ በግልጽ ሊነገራት ይገባል፤ ቤቷ ሩቅ ከሆነ ወይም ሌሊት መጓጓዣ የማይገኝ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ መመለስ የለባትም። በብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ቤት የተሠራውም ለዚሁ ነው።

በየሰዓቱ አንድ ሴንቲ መከፈት አለበት የሚለውን አባባል ሰምተው ይሆናል፤ በእኛም ሙያ ለረጅም ጊዜ እንደ ሕግ ይዘነው ኖረናል። አመጣጡ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካዊው ሐኪም ኢማኑኤል ፍሪድማን የማህፀን በር አከፋፈትን ከሰዓት ጋር በግራፍ አስቀመጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ በያኔዋ ሮዴዢያ፣ በዛሬዋ ዚምባብዌ፣ ይሠሩ የነበሩት ፊልፖትና ካስል በዚያ ላይ የማስጠንቀቂያና የእርምጃ መስመር ጨምረው አዋላጇ ብቻዋን በምትሠራበት የገጠር ጣቢያ ማን ወደ ሆስፒታል መላክ እንዳለባት በጊዜ እንድታውቅ አደረጉ። ፓርቶግራፍ የምንለው ቅጽ ይህ ነው፤ ለአፍሪካ እናት ተብሎ በአፍሪካ የተሠራ መሣሪያ በመሆኑ ሁልጊዜ በክብር አየዋለሁ። ይሁን እንጂ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ብዙ ጤነኛ እናቶች በሰዓት አንድ ሴንቲ ሳይሞላላቸው በሰላም እንደሚወልዱ ስላሳዩ፣ የ2018ቱ መመሪያ ይህ ፍጥነት ብቻውን ለጣልቃ ገብነት ምክንያት እንዳይሆን መክሯል። ምጥን ማፋጠን ራሱን የቻለ አደጋ አለውና ይህ ለውጥ ቀላል አይደለም። ቤተሰብ «ለምን መርፌ አይወጓትም?» እያለ ሲያስጨንቅ፣ ባለሙያውም ሲቸኩል፣ ያለ በቂ ምክንያት የሚሰጠው የምጥ ማፋጠኛ ማህፀን ያለ ዕረፍት እንዲኮማተር በማድረግ ልጁን አየር ሊያሳጣው፣ ማህፀንንም ሊቀድ ይችላል። መድኃኒቱ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ግን በግሉኮስ እየተንጠባጠበ፣ በባለሙያ ዓይን ሥር ነው እንጂ በጡንቻ ተወግቶ አይደለም።

ቁርጠትዎን ራስዎ መለካት ይችላሉ፤ ሰዓትና መዳፍ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። መዳፍዎን ከእምብርትዎ ከፍ አድርገው ሆድዎ ላይ ያሳርፉ። ማህፀን ሲኮማተር ከመዳፍዎ ሥር ሲጠነክር ይሰማዎታል። በጣትዎ ጫን ሲሉት እንደ አፍንጫዎ ጫፍ ገባ የሚል ከሆነ ገና ደካማ ነው፤ እንደ አገጭዎ ከሆነ መካከለኛ ነው፤ እንደ ግንባርዎ አልገባ ካለ ግን ጠንቷል ማለት ነው። ቁርጠቱ ከጀመረበት እስከሚለቅበት ስንት ሰከንድ እንደሆነ፣ ከአንዱ መጀመሪያ እስከ ሌላው መጀመሪያ ደግሞ ስንት ደቂቃ እንደሆነ በወረቀት ይመዝገቡ። ሲራመዱ፣ ገላዎን ሲታጠቡ ወይም ጋደም ሲሉ የሚጠፋ፣ ጊዜውም የተዘበራረቀ ከሆነ የሐሰት ምጥ ይሆናል፤ የቱንም ያህል ቢቀመጡ ቢነሱ የማይለቅ፣ እየተቀራረበና እየረዘመ የሚሄድ ከሆነ እውነተኛው ነው። ጤና ተቋም ቅርብ ለሆነላት የመጀመሪያ ወላጅ በየአምስት ደቂቃው እየመጣ አንድ ደቂቃ ያህል የሚቆይ ቁርጠት ለአንድ ሰዓት ሳያቋርጥ ሲቀጥል መነሣት ጥሩ ጊዜ ነው፤ መንገዱ ረጅም ከሆነ ይህን ሳይጠብቁ ይሂዱ።

ቁርጠት ኖረም አልኖረም ያለ ምንም መዘግየት የሚያስሄዱ ነገሮች ግን አሉ። የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ በተለይም አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ፤ ከዝልግልጉ ፈሳሽ ያለፈ ደም ከታየ፤ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ፤ ትኩሳት ካለ፤ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ሰዓት ሳይቆጥሩ ወዲያውኑ ይውጡ።

ማዋለጃ ክፍል ከገቡ በኋላ የልጁ የልብ ምት በየ15 እና በየ30 ደቂቃው መካከል መደመጥ አለበት፤ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ከሆነ መልካም ነው። የማህፀን በር በአራት ሰዓት አንድ ጊዜ ቢታይ ይበቃል፤ በየሰዓቱ የተለያየ ሰው እየገባ በጣት ቢመረምርዎ ጥቅሙ ትንሽ ሲሆን ኢንፌክሽን የማስገባት አደጋን ግን ይጨምራል፤ «ቅድም ታይቻለሁ» ማለት መብትዎ ነው። በጀርባዎ ተንጋለው አይቆዩ፤ ይራመዱ፣ በጎንዎ ይተኙ፣ ተንበርክከው አልጋ ይደገፉ። ውሃ፣ ሻይ፣ አጥሚት ይጠጡ። ሽንትዎን በየሁለት ሰዓቱ ይሽኑ፤ የሞላ ፊኛ የልጁን ራስ መንገድ ይዘጋል። የሚወዱት ሰው፣ እናትዎም ይሁኑ ባለቤትዎ፣ አጠገብዎ እንዲሆን ይጠይቁ። ወገብ የሚያሽና «ማርያም፣ ማርያም» እያለ አብሮ የሚያምጥ ሰው ያላት እናት ብቻዋን ግድግዳ ከምታየው እናት ምጡን በተሻለ እንደምትችለው እናቶቻችን ያውቁት ነበር፤ የዛሬ መመሪያዎችም ይህንኑ ይመክራሉ።

የመጀመሪያው ደረጃ ሊያልቅ ሲል፣ ከ8 ሴንቲ ሜትር በኋላ ገደማ፣ ብዙ ሴቶችን የሚያስደነግጥ አጭር ጊዜ ይመጣል። እግር ይንቀጠቀጣል፣ ማስታወክ ይመጣል፣ እስከዚያ ድረስ በጽናት የቆየችው እናት «አልችልም፣ ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ትላለች። ቤተሰብ ይህን ሲያይ ነገሩ የተበላሸ ይመስለዋል። እኔ ግን ይህን ቃል ስሰማ ጓንቴን አዘጋጃለሁ፤ «የኔ እናት፣ ደርሰሻል» የምላትም ለማጽናናት ብቻ አይደለም፣ በአብዛኛው እውነት ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ የመግፋት ደረጃ ነው። በሩ ሙሉ ለሙሉ ሳይከፈት መግፋት በሩን ያሳብጣል፣ እናቲቱንም ያደክማል፤ ስለዚህ «ግፊ፣ ግፊ» የሚሉ ጎረቤቶችን ሳይሆን የራስዎን ሰውነትና አዋላጅዎን ይስሙ። በሩ ከተከፈተ በኋላ ዓይነ ምድር የመጣ ያህል የሚያስገድድ ስሜት ሲመጣ ከእሱ ጋር ይግፉ፣ ሲለቅ ይረፉ። የልጁ ልብ አሁን በየአምስት ደቂቃው ይደመጣል። የልጁ ራስ ብቅ ብሎ ሲቆም አዋላጅዎ «አሁን አትግፊ፣ በአፍሽ ተንፍሺ» ትልዎታለች፤ ይህን መታዘዝ ከመቀደድ ይጠብቃል። ሆድን ከላይ ወደ ታች በክንድ መጫን በቤትም በጤና ተቋምም ሲደረግ አይቻለሁ፤ ሊደረግ አይገባም፤ ማህፀንን ሊጎዳ ይችላልና። ብልትን በምላጭ መሰንጠቅም ለሁሉም የመጀመሪያ ወላጅ የሚደረግ ነገር መሆን የለበትም።

ይህ ደረጃ ለመጀመሪያ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በ3 ሰዓት፣ ለወለደች ደግሞ በ2 ሰዓት ውስጥ ያልቃል። እዚህ ላይ ትዕግሥት ወሰን አለው። የልጁ ራስ ዳሌ ውስጥ ተቀርቅሮ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ በራሱና በአጥንቱ መካከል የተጨነቀው የፊኛና የብልት ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል፤ ከቀናት በኋላ ይቀደድና ሽንት ሳያቋርጥ የሚፈስበት ቀዳዳ ይሆናል። ፊስቱላ የምንለው ይህ ነው። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ መጥተው በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን የከፈቱት፣ ለቀናት አምጠው ልጃቸውንም ጤናቸውንም ላጡ ለእነዚህ ሴቶች ነበር። በ2007 ደግሞ ዶክተር ካትሪን የአዋላጆች ኮሌጅ አቋቋሙ፤ ፊስቱላ ከመጠገን በፊት በምጥ ጊዜ አጠገብ የምትገኝ አዋላጅ ልትከላከለው የምትችል ጉዳት ነውና።

አሁን ወደ እህትዎ ጉዳይ ልመለስ። ልጁ ተወለደ፣ አለቀሰ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ገንፎው ደረሰ፣ የሁሉም ዓይን ወደ ሕፃኑ ዞረ። በዚያች ደቂቃ በእናቲቱ ማህፀን ውስጥ የሚሆነውን ግን የሚያይ የለም። በእርግዝና መጨረሻ ወደ ማህፀን በየደቂቃው ግማሽ ሊትር ያህል ደም ይሄዳል። እንግዴ ልጁ ከተጣበቀበት ሲላቀቅ እነዚያ የደም ሥሮች አፋቸው ክፍት ይሆናል፤ የሚዘጋቸውም የማህፀን ጡንቻ አጥብቆ መኮማተር ነው። ማህፀን በረጅም ምጥ ደክሞ፣ ወይም ፊኛ ሞልቶ ተጭኖት፣ ወይም የእንግዴ ልጁ ቁራጭ ውስጥ ቀርቶ ካልተኮማተረ ደሙ አይቆምም። በአገራችንም በዓለምም እናቶችን በመግደል ቀዳሚ ከሚባሉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ደም መፍሰስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ልጆች አንጻር 871 የነበረው የእናቶች ሞት በ2016ቱ ጥናት ወደ 412 ወርዷል፤ ቁጥሩ ቢቀንስም ከእያንዳንዷ ሞት በስተጀርባ እልልታዋ ገና ያልበረደ ቤት ሊኖር እንደሚችል አልረሳም።

ስለዚህ በሦስተኛው ደረጃ የሚደረገውን ይወቁና ይጠይቁ። ልጁ በተወለደ በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ ሆድ ውስጥ ሌላ ልጅ አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ፣ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ይወጋሉ። ቅድም ምጥን ለማፋጠን ዝም ብሎ አይወጋ ያልኩት መድኃኒት አሁን ሕይወት የሚያድነው እሱ ነው። ልጁ ደህና ከሆነ እትብቱ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ሳይቆረጥ ይቆያል፤ በዚህ ጊዜ የሚያልፍለት ደም በቀጣዮቹ ወራት ከደም ማነስ ይጠብቀዋል። ከዚያ አዋላጇ በአንድ እጇ ማህፀንን ወደ ላይ ደግፋ በሌላው እትብቱን በዝግታ እየሳበች እንግዴ ልጁን ታወጣለች፤ ከ30 ደቂቃ በላይ ከቆየ ተጨማሪ እርዳታ ያስፈልጋል። ከወጣ በኋላ ሙሉ መሆኑን ገልብጣ ታየዋለች። እንግዴ ልጁ አልወጣም ብሎ እናትን ማስነጠስ፣ ጣት ጉሮሮ ውስጥ መክተት፣ እትብትን በኃይል መጎተት የሚባሉትን ይተዉ፤ በኃይል የተጎተተ እትብት ማህፀንን ገልብጦ ሊያወጣው ይችላል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሰዓታት አራተኛ ደረጃ የምንላቸው ናቸው፤ ማህፀን፣ ደም ግፊትና የደም ፍሳሽ በየ15 ደቂቃው ይታያሉ። አብሮዎት ለሚሆን ሰው ይህን ያሳዩት፤ ከእምብርት ዝቅ ብሎ ሲዳሰስ ማህፀን እንደተጨበጠ ቡጢ ክብና ጠንካራ ሆኖ መገኘት አለበት። እንደ ሊጥ ከላላ በክብ እያሹ ወዲያውኑ አዋላጅ መጥራት ነው። ከሥርዎ ያለው ጨርቅ ወይም ሞዴስ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከራሰ፣ ማዞር፣ ጥማት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ «የወለደች ሴት ደም መውጣቱ መቼ ይቀራል» ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ሽንትዎን ይሽኑ፣ ልጁን በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ያስይዙ፤ ሲጠባ ማህፀን ይኮማተራል። ሁሉ ነገር ሰላም ቢሆን እንኳ 24 ሰዓት ሳይሞላ ከጤና ተቋሙ አይውጡ።

በቀሩት ሁለት ሳምንታት የደም መጠንዎ መለካቱን ያረጋግጡ፣ የታዘዘልዎን የብረት ክኒን አያቋርጡ፤ ደም ማነስ ያለባት እናት ሌላዋ የምትቋቋመውን ትንሽ ፍሳሽ ላትቋቋም ትችላለች። ለእህትዎም አንድ መልእክት አለኝ። ከወሊድ በኋላ ደም የፈሰሳት ሴት በሚቀጥለው ወሊዷ ድጋሚ ሊፈስሳት የሚችልበት ዕድል ከሌላዋ ይበልጣል። ስለዚህ እንደገና ስታረግዝ በመጀመሪያው ክትትሏ ቀን ደም ፈሷት ደም እንደተሰጣት ለአዋላጇ ትናገር፣ በካርዷም ላይ ታስጽፍ፤ የምትወልደውም ደም መስጠት በሚችል ሆስፒታል ይሁን።